የተገጨ የሚቀጣበት መዝገብ

የመኪና ታሪክ ሪፖርት የተፈጠረው ገዢን ከአታላይ ለማዳን ነበር፤ ዛሬ ግን ሐቀኛውንም ባለመኪና ኪሱ ድረስ ገብቶ ያስከፍላል

ቦታው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚገኝ ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ነው። ከጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጡት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው ለብዙ ዓመታት ታክሲ የነዱ አባት ናቸው። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሻጭ ወጣት ሐበሻ ነው። ሰውየው የቤተሰባቸውን ካምሪ አስረክበው፣ ልዩነቱን ጨምረው ሰፋ ያለች መኪና ሊወስዱ መጥተዋል። ካምሪዋ ታጥባለች፣ ተወልውላለች። ዘይት የተቀየረበት ደረሰኝ ሁሉ በፌስታል ታስሮ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ መኪናዋን በደንብ ይዘዋታል» አለ ወጣቱ ኮምፒውተሩን እያየ። «ግን አክሲደንት አለባት።»

«የምን አክሲደንት? ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አይደል እንዴ ከኋላ መጥቶ የነካኝ! የተቀየረው ፓራውርቱ ብቻ ነው። እሱንም የሰውየው ኢንሹራንስ ነው የከፈለው።»

«እኔ አምንዎታለሁ ጋሼ። ነገ መኪናዋን የሚገዛው ሰው ግን የሚያምነው ይህንን ነው።» ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረው።

ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው። ቀኑ ተጽፏል፣ አደጋ መድረሱ ተጽፏል፣ የተመታው የኋላ ክፍል እንደሆነና ጉዳቱ ቀላል እንደነበር ተጽፏል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚናገር ቃል የለም። ፓራውርቱ በአዲስ መቀየሩም አልተጻፈም። በዚያ አንድ መስመር ምክንያት ከመኪናዋ ዋጋ ላይ 1,500 ዶላር ተቀነሰ።

ሰውየው ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ጠየቁ፦ «እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ ያን ቀን ፖሊስ ባልጠራ ኖሮስ?»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኔማ ንጹሕ ትሆን ነበር፣ ጋሼ።»

የዚህ ዘገባ ጉዳይ ይኸው መልስ ነው። በአሜሪካ ያገለገለ መኪና ገበያ ላይ ትልቁን ቃል የሚናገረው የመኪና ታሪክ ሪፖርት፣ ሕግ አክብሮ ያስመዘገበውን ይቀጣል፤ ደብቆ ያሠራውን ያሳልፋል።

መነሻው መልካም ነበር

ሪፖርቱ ለምን እንደተፈጠረ ሳይነገር በደሉን ብቻ መዘርዘር ፍትሐዊ አይሆንም። ሪፖርቱን ከሚያወጡት አንዱ የሆነው ካርፋክስ የተባለው ድርጅት የተመሠረተው በ1984 በሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ጊዜ ትልቁ ችግር የተነዳበትን ማይል ወደ ኋላ እያዞሩ መሸጥ ነበር። ብዙ የሠራች መኪና ቆጣሪዋ ተቆርጦ ትንሽ እንደሠራች ሆና ትቀርባለች፤ ገዢው የሚነቃው ሞተሩ ሲከዳው ነው። መሥራቾቹ በ10,000 ያህል መረጃ ጀመሩ፤ በ1986 ሪፖርቱን ለመኪና ነጋዴዎች ማቅረብ ቻሉ፤ በ1996 ወደ ኢንተርኔት ገቡ። ድርጅቱ በ1999 በፖልክ ኩባንያ ተገዛ፤ በ2013 ከፖልክ ጋር ወደ አይኤችኤስ ዞረ፤ በ2022 ደግሞ በኤስ ኤንድ ፒ ግሎባል ሥር ገባ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሴንተርቪል ነው፤ ይኸውም በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ መሆኑ ነው።

ማይል መቁረጥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1972 ነው። ወንጀሉ ግን አልጠፋም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በዓመት ከ450,000 በላይ መኪኖች በሐሰተኛ የማይል ንባብ እንደሚሸጡ፣ ይህም ገዢዎችን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስወጣ ይገምታል። የባሰው ደግሞ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ማጠብ የሚባለው ነው። በአንድ ግዛት በአደጋ ወይም በጎርፍ ተበላሽታ «ሳልቬጅ» የተባለች መኪና ወደ ሌላ ግዛት ትሻገርና ምልክቱ የሌለበት አዲስ ታይትል ይወጣላታል። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀ በኋላ ውኃ የዋጣቸው መኪኖች ደርቀውና ተወልውለው ለገበያ እንዳይቀርቡ ብዙ ማስጠንቀቂያ ተነግሯል። ይህን መሰሉን ማጭበርበር ለመከላከል በ1992 በወጣ ሕግ መነሻነት የተቋቋመው ብሔራዊ የተሽከርካሪ ባለቤትነት መረጃ ሥርዓት ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

አዲስ አበባ ላይ መኪና የገዛ ሰው የዚህን ዓይነት መዝገብ ዋጋ ያውቃል። እዚያ ያለው አማራጭ ባለሙያ ይዞ መሄድ ነው። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ ያያል፤ ፓራፋንጎውን በጣቱ እያንኳኳ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ መኖር አለመኖሩን ያዳምጣል፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፤ ደላላው «እንደ አዲስ ናት» ሲል ፊቱን ያዞራል። ከዚህ ገበያ ወጥቶ አሜሪካ የገባ ሰው በአንድ ገጽ የመኪና ታሪክ ሲቀርብለት ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ሐሳቡ የሚቀየረው እሱ ራሱ ሻጭ የሆነ ዕለት ነው።

መኪናዋን ማንም አላያትም

ሪፖርቱ የሚሠራው በአንድ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። ከ1981 ወዲህ በአሜሪካ ገበያ የቀረበ መኪና ሁሉ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ አለው፤ በፊት መስታወቱ የታችኛው ጥግ፣ በሾፌሩ በኩል ይነበባል። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብለው ከመለያው ውጪ ተደርገዋል። መኪናዋ ታይትል ስትቀይር፣ ቦሎ ስታድስ፣ የጭስ ምርመራ ስታልፍ፣ ዘይት ስትቀይር፣ ጨረታ ላይ ስትቀርብ፣ ፖሊስ ስለ አደጋዋ ሲጽፍ፣ ኢንሹራንስ ሲከፍልባት ይህ ቁጥር የሆነ ቦታ ይመዘገባል። ከነዚህ ምንጮች ብዙዎቹ መረጃውን ለሪፖርት አዘጋጆቹ ይልካሉ። ካርፋክስ የመረጃ ምንጮቹ ከ100,000 እንደሚበልጡ ይናገራል።

ሪፖርቱን ያወጣው ድርጅት መኪናዋን አላያትም። ፓራውርቱን አልነካም፤ ከሥር ገብቶ ሻንሲዋን አልመረመረም። ሥራው ሌሎች የላኩትን መሰብሰብ ነው። ይህንንም ራሱ አይክድም፤ ሪፖርቱ የተመሠረተው በደረሰው መረጃ ብቻ መሆኑን፣ ያልደረሰው ሌላ መረጃ ሊኖር እንደሚችልም በሪፖርቱ ላይ ጽፏል። ገዢው ግን ያንን ማሳሰቢያ አያነብም። የሚያነበው ከላይ ያለውን «አደጋ አለ» ወይም «አደጋ የለም» የሚለውን ነው።

ከምንጩ የተሳሳተው ተሳስቶ ይመጣል። ዘይት በሚቀየርበት ቤት የሚሆነውን እንይ። ሠራተኛው እጁ ግሪስ ነው፤ ከኋላ ሦስት መኪና ተሰልፏል። የካምሪዋ ቆጣሪ 112,300 ማይል ይላል፤ እሱ 121,300 ብሎ ይጽፋል። ሁለት አኃዝ ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናዋ ሌላ ጋራዥ ትገባና 115,800 ተብሎ በትክክል ይጻፋል። መዝገቡ የሚያየው ማይሉ ከ121,300 ወደ 115,800 መውረዱን ነው። ውጤቱም የማይል አለመጣጣም ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ባለቤቷ ቆጣሪውን የነካው ዳሽቦርዱን ሲወለውል ብቻ ቢሆንም፣ ገዢው ዘንድ ማይል ቆራጭ ሆኖ ይቀርባል። አታላይን ለመያዝ የተሠራው ወጥመድ የሰው እጅ ስህተትን ከሌብነት የሚለይበት ዓይን የለውም።

በዳይና ተበዳይ እኩል

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። በዚህ መዝገብ ግን እሾሁን የሚወስደው ያላጠረው ነው። ከኋላ መጥቶ የገጨውና ቆሞ የተገጨው ሁለቱም በአንድ ቃል ይመዘገባሉ፤ አደጋ ደርሷል ይባላል። ጥፋተኛው ማን እንደነበር ሪፖርቱ አይገባበትም።

ከሁለቱም የተሻለ ዕድል ያለው ሦስተኛው ሰው ነው። ይህ ሰው ተጋጭቶ «ፖሊስ ምን ያደርግልናል» ብሎ ከገጪው ጋር ተስማማ፤ ጥሬ ገንዘብ ተቀበለ፤ ደረሰኝ በማይቆርጥ ጋራዥ ባትላሜራ አሠራ፤ ስቱኮ አስሞላ፤ ቀለም አስቀባ። ጉዳቱ ከካምሪዋ የከፋ ሊሆን ይችላል። ጥገናውም ደካማ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ግን ነጭ ነው። ከሁለቱ መኪኖች አንዷን የሚመርጥ ገዢ በወረቀት ብቻ ከሄደ፣ በአዲስ ዕቃ በሥርዓት የተጠገነችውን ትቶ ስቱኮ የተሞላችውን በውድ ይገዛል። እዚህ ላይ የሚጎዳው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ይጠበቃል የተባለው ገዢም አብሮ ተጎጂ ነው።

በእርግጥ ሪፖርቶቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተሻሽለዋል። ጉዳቱን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እያሉ ይለያሉ፤ ኤርባግ መፈንዳቱን ወይም አለመፈንዳቱን የሚገልጹበት ጊዜ አለ። ችግሩ ገበያው እስከዚያ ዝርዝር ድረስ አለመዝለቁ ነው። መኪና በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው «አደጋ የሌላቸውን ብቻ አሳየኝ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። በዚያች ሰከንድ ፓራውርቷ የተጫረውም ሻንሲዋ የተጣመመውም አብረው ከፊቱ ይጠፋሉ። ባለቤቱ ደረሰኙን የሚያሳይበት፣ የሚያስረዳበት ዕድል እንኳ አያገኝም።

የመኖሪያ አድራሻም የራሱ ፍርድ አለው። ኢንሹራንስ አንድን መኪና «ቶታል» ብሎ ሳልቬጅ የሚያስብለው መቼ ነው? በቴክሳስ መለኪያው የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ 100 በመቶ ሲደርስ ነው። በሜሪላንድና በኒው ዮርክ 75 በመቶ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጉዳት የደረሰባቸው ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች፣ አንዷ ዳላስ ሌላዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነች ብቻ የተለያየ ስም ይወጣላቸዋል። ይህ መለኪያ አነስተኛ ገቢ ባለው ሰው ላይ ይጠነክራል። ዋጋዋ 4,000 ዶላር የሆነች አሮጌ ኮሮላ የ3,000 ዶላር ጥገና ካስፈለጋት 75 በመቶ ሞላች፤ ተሰናበተች። ያው የ3,000 ዶላር ጉዳት በ40,000 ዶላር መኪና ላይ ቢደርስ ቀላል አደጋ ከመባል አያልፍም።

የታክሲ ሾፌሮች ደግሞ የተለየ ቅሬታ አላቸው። ታክሲ ሆኖ የተመዘገበ መኪና ያ አገልግሎቱ በታሪኩ ላይ ይጻፋል። በግል ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ ለኡበርና ለሊፍት ሲሠራ የዋለው ግን፣ የተለየ ሰሌዳ ከሚያስገድዱ እንደ ኒው ዮርክ ካሉ ከተሞች ውጪ፣ ብዙውን ጊዜ የግል መኪና ሆኖ ያልፋል። ድካሙ አንድ ነው፤ ወረቀቱ ግን የሚያውቀው የአንዱን ብቻ ነው።

ለሰው ያለው ሕግ ለመኪናው የለም

አሜሪካ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ክሬዲት ምን እንደሆነ ያውቃል። በክሬዲት መዝገብ ላይ ስህተት ከተገኘ መሟገቻ አለ። በ1970 የወጣው ፍትሐዊ የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ባለጉዳዩ እንዲቃወም መብት ይሰጠዋል፤ ድርጅቱም በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት፤ ማረጋገጥ ያልቻለውን ይሰርዛል። በ2003 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ሰው የገዛ ሪፖርቱን በየዓመቱ በነጻ የሚያይበትን መንገድ ከፈተ።

ለመኪና ታሪክ ይህን የመሰለ ጥበቃ የለም። ሕጉ የሚጠብቀው ስለ ሰው የሚሰበሰበውን መረጃ ነው፤ የመኪና ሪፖርት ላይ ደግሞ የባለቤቱ ስም አይወጣም። መኪናው ሰው አይደለምና መብት የለውም፤ ሰውየውም ስሙ ስላልተጠራ ባለጉዳይ አይባልም። የካርፋክስ ዋና ተፎካካሪ የሆነው አውቶቼክ የኤክስፒሪያን ንብረት ነው፤ ኤክስፒሪያን ደግሞ ከሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት ድርጅቶች አንዱ ነው። ያው ድርጅት ስለ ክሬዲት ካርድዎ ለጻፈው ስህተት በሕግ ቀን ተቆርጦለት መልስ ይሰጥዎታል፤ ስለ መኪናዎ ለጻፈው ግን ያ ሕግ አያስገድደውም።

በተግባር ድርጅቶቹ የእርምት ጥያቄ ይቀበላሉ። ማስረጃ ይላካል፤ እነሱም መረጃውን የሰጠውን ምንጭ ይጠይቃሉ። ዘይት ቀያሪው «አዎ፣ ተሳስቻለሁ» ካለ ይስተካከላል። ሱቁ ከተዘጋ ወይም ምንጩ «የጻፍኩት ልክ ነው» ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከሁሉ በላይ፣ ብዙው ባለመኪና ስህተቱ መኖሩን የሚሰማው ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ዋጋ ሲቆረጥበት ነው። አንድ አዲስ ነገር በመኪናዎ ታሪክ ላይ ሲጻፍ አስቀድሞ ይነገርዎ የሚል ግዴታ የለም። ሙሉውን ሪፖርት ከካርፋክስ ለማየት ከፈለጉም ለአንዱ ከ40 ዶላር በላይ ይከፍላሉ፤ ያውም የራስዎን መኪና ታሪክ።

መንግሥት ሪፖርቱን ለገዢው ጥቅም ሲያጠናክር ቆይቷል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2012 ጀምሮ ነጋዴዎች ያገለገለ መኪና ከመሸጣቸው በፊት በብሔራዊው የተሽከርካሪ ባለቤትነት መዝገብ እንዲያጣሩ፣ ችግር ያለበት ታይትል ከተገኘም ቀይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፉ አስገድዳለች። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ2016 ባሻሻለው ደንብ፣ በየመኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፈው የገዢዎች መመሪያ ሰው የመኪና ታሪክ ሪፖርት እንዲያይ የሚመክር ቃል እንዲጨመርበት አድርጓል። ሁለቱም መልካም ናቸው። መዝገቡ ሲሳሳት ወይም ሲያዳላ የባለቤቱ መብት ምን ይሆናል የሚለውን ግን አልነኩም።

የመኪና ነጋዴዎች እንኳ አቤት ብለው አልቀናቸውም። በ2013 ከመቶ በላይ ነጋዴዎች ካርፋክስ ገበያውን ጠቅልሎ ይዟል ብለው ኒው ዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ2016 የተሰጠው ውሳኔ ለካርፋክስ ሆነ። ድርጅት ለድርጅት ሲካሰስ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ካምሪ ያለው ሰው የት ይደርሳል?

ቀመሩ ዜሮ ሲል፣ ገበያው ሲቆርጥ

የሪፖርቶቹ ተከራካሪዎች አንድ ጥሩ ነጥብ ያነሳሉ። አደጋ የደረሰበት መኪና ዋጋው ቢቀንስ ጥፋቱ የመዝገቡ አይደለም፤ ገዢ ያልተነካውን መምረጡ መብቱ ነው ይላሉ። እውነት ነው። እንግዲያውስ ያንን ቅናሽ መክፈል ያለበት የገጨው ነዋ!

ሕጉም በመርህ ደረጃ ይህንኑ ይላል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ያለጥፋቱ የተገጨ ሰው ከገጪው ኢንሹራንስ የጥገናውን ወጪ ብቻ ሳይሆን መኪናው ተጠግኖም ያጣውን ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ጆርጂያ ከዚህም አልፋለች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ስቴት ፋርም በተባለው ኢንሹራንስ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ኢንሹራንሱ ለራሱ ደንበኞችም ቢሆን የዋጋ መቀነሱን መገመት እንዳለበት ወስኗል።

ከዚያ ጉዳይ የወጣው «17 ሲ» የተባለው ቀመር ግን ሌላ ጉድ ነው። ቀመሩ ከመኪናዋ ዋጋ 10 በመቶውን ጣሪያ ያደርጋል። ከዚያ እንደ ጉዳቱ መጠን ያንን ይቀንሳል። ከዚያ ደግሞ እንደ ማይሏ ይቀንሳል። ማይሏ 100,000 ከደረሰ ማባዣው ዜሮ ነው። ከጆርጂያ ውጪም ኢንሹራንሶች ይህንኑ ስሌት ይዘው ይቀርባሉ። ቀን ከሌት የሚነዳ ሾፌር መኪናው 100,000 ማይል ለመሙላት ብዙ ዓመት አይፈጅባትም። ስለዚህ ኢንሹራንሱ «መኪናዎ በአደጋው ምክንያት ምንም ዋጋ አላጣችም» ይለዋል፤ ነጋዴው ደግሞ «በአደጋው ምክንያት 1,500 ዶላር አጥታለች» ይለዋል። ሁለቱም ወረቀት ይዘዋል። በመሐል የሚከፍለው ባለመኪናው ነው።

ቀመሩ ግን ሕግ አይደለም፤ የኢንሹራንሱ የመጀመሪያ ዋጋ ነው። ተመሳሳይ መኪኖች አደጋ ኖሮባቸውና ሳይኖርባቸው በስንት እንደሚሸጡ ከነጋዴ በጽሑፍ አስመጥቶ፣ ወይም ገለልተኛ ገማች ይዞ መከራከር ይቻላል። ለዚህ ግን ሰውየው መብቱ መኖሩን ማወቅ አለበት። ብዙ ወገኖቻችን ለፓራውርት የተላከውን ቼክ ተቀብለው፣ «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚለውን ወረቀት ሳያነቡ ፈርመው ይለያያሉ። ከፈረሙ በኋላ በሩ ተዘግቷል።

ምን ይደረግ?

ሕግ አውጪዎች ማድረግ ያለባቸው ከባድ አይደለም፤ ለክሬዲት የሠሩትን ለመኪና መድገም ነው። ባለቤቱ የመኪናውን መዝገብ በዓመት አንዴ በነጻ ይይ። አደጋ ወይም የማይል አለመጣጣም ሲመዘገብበት ይነገረው። ሲቃወም ቀን የተቆረጠለት መልስ ያግኝ። የጥገናው ማስረጃ ከአደጋው መስመር ጎን አብሮ ይውጣ።

እስከዚያ ድረስ ባለመኪናው በራሱ ይጠበቅ። ለመሸጥ ሲያስቡ ከነጋዴው በፊት ሪፖርቱን እርስዎ ይዩት፤ ስህተት ካለ ለማረም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላልና። ከተገጩ ከጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሱ፤ የተቀየረውን ዕቃ የሚዘረዝር ደረሰኝ ይቀበሉ። የዘይት ደረሰኝ ሲሰጥዎ ማይሉን እዚያው ቆመው ከቆጣሪው ጋር ያመሳክሩ። ገዢ ከሆኑ ደግሞ ነጭ ሪፖርት አያዘናጋዎ፤ ብሔራዊው መዝገብ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ብሔራዊ የኢንሹራንስ ወንጀል ቢሮም የተሰረቀና ሳልቬጅ የተባለን መኪና በነጻ ያጣራል። ከሁለቱም በኋላ እንደ አገር ቤቱ ባለሙያ ይዘው ይሂዱ።

ነገ ቢገጩም ፖሊስ መጥራትዎን አይተዉ። የሕክምና ጉዳይ ቢመጣ፣ ገጪው ቃሉን ቢያጥፍ የሚያድንዎ ያ ሪፖርት ነው። ብቻ ከመፈረምዎ በፊት ኢንሹራንሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «የመኪናዬ ዋጋ የቀነሰበትስ ስንት ነው?» ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው ዋጋውን የሚሰማው መኪናውን የሚሸጥ ዕለት ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚከፍልለት የለም።